ሞተሮቹ የቆሙ ዕለት

አቶ ወልደአረጋይ ሰኞ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ መታጠቢያ ቤት እንደገቡ፣ ከግድግዳው ወዲያ አማቻቸው ኢብሳ ለልጃቸው ለአምሳለ የሚናገረውን ሰሙ። ሊያዳምጡ ፈልገው አይደለም። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ስድስተኛ ፎቅ ላይ የተከራዩት ይህ ቤት ግድግዳው ሳል እንኳ አይሰውርም። ኢብሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዕቃ የሚያመላልሱት ሞተሮቹ ከዛሬ ጀምሮ ከቆሙ የእሱ የዴሊቨሪ ቢሮ ወር እንደማይገፋ፣ የቤቱን ኪራይ ስምንት ሺህ ብር በአምሳለ ደመወዝ ብቻ እንደማይወጡት፣ የአባባ ክፍል ለአንድ ላጤ ቢከራይ ግን እፎይ እንደሚሉ አስረዳ። «ለጊዜው ደብረ ብርሃን ወንድማቸው ዘንድ ቢቀመጡስ? እዚህም ቢሆን ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆመው ነው የሚውሉት» አለ። አቶ ወልደአረጋይ የቧንቧውን ውኃ ዘግተው የልጃቸውን መልስ ጠበቁ። አምሳለ ምንም አልመለሰችም። ቁም ሣጥን ተከፍቶ ተዘጋ፣ የባለተረከዝ ጫማ ኮቴ ኮሪደሩን አቋርጦ አለፈ፣ ከዚያ የውጪው በር ተቆለፈ።

ከንግግሩ ይልቅ የከነከናቸው ዝምታው ነው። በኢብሳ አልፈረዱም። ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚታየው ቦታ የያዘበት ነገር ነው፤ ደግሞም ክፉ ልጅ አይደለም፤ አምና ሆዳቸውን ታመው ጋንዲ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ሦስት ቀን ሲተኙ፣ ከልጃቸው ይልቅ እሱ ነበር አጠገባቸው ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ያደረው። የአምሳለ ዝምታ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆነባቸው። ትናንሽ ነገሮችን ደጋግመው አሰቡ፤ ሰሞኑን ራት ላይ ቶሎ መነሳቷን፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ወደ ክፍሏ መግባቷን። በመጨረሻም ልጅ አባቷን ሂድልኝ ከምትል፣ አባት ልሂድ ቢል ይቀላል ብለው ወሰኑ። አሮጌዋን ሻንጣ ከአልጋው ሥር አውጥተው ሁለት ሸሚዝ፣ ጋቢያቸውን፣ ዳዊታቸውንና ትንሿን ሬዲዮ ከተቱባትና አልጋው ላይ አስቀመጧት። ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ሐሳባቸው ቢሮው ድረስ ሄደው ለኢብሳ ራሳቸው ነግረውት፣ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ለመያዝ ነበር።

ከሰንጋ ተራ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ካዛንቺስ በሁለት ታክሲ ሄዱ። ታክሲ ውስጥ ወሬው ሁሉ የሞተር ነበር። አንዱ በሞተር ዘራፊ ሞባይሉን የተነጠቀ ወንድሙን እያነሳ እሰይ ይላል፤ ሌላው፣ በሞተር እንጀራውን የሚጋግረውስ ምን ይሁን ይላል፤ ረዳቱ ደግሞ ለሁለቱም «ልክ ናችሁ» እያለ ሂሳቡን ይቀበላል። አቶ ወልደአረጋይ ከባምቢስ ትንሽ ከፍ ብለው ወረዱና በሕንፃዎቹ ጀርባ ዞሩ። «ድርስ ዴሊቨሪ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ቢሮ አንዲት ክፍል ናት። ቀድሞ ፀጉር ቤት ስለነበረች ከግድግዳው ጋር የተገጠመው ረጅም መስታወት አሁንም አልተነሳም፤ ገብቶ የሚቆም ሰው ሁሉ ራሱን ሁለት ሆኖ ያያል። ደጁ ላይ ሦስት ሞተሮች ሸራ ለብሰው፣ እርስ በርስ በሰንሰለት ተቆላልፈው ቆመዋል። በከተማው ውስጥ ሞተር እንዳይነዳ የሚለው ትእዛዝ የሚጸናው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነበር። ለተመዘገቡ ድርጅቶች ልዩ ፈቃድ ይሰጣል ስለተባለ ኢብሳም ማመልከቻ አስገብቷል፤ መልሱ በሳምንት ይምጣ በወር ግን የሚያውቅ የለም።

ሲገቡ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ስልክ የምትቀበለው ሀዊ በአንድ ጆሮዋ አንድ፣ በሌላው ሌላ ስልክ ይዛ ሁለቱንም ይቅርታ ትጠይቃለች። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ስምንት ዕቃዎች ተከምረዋል፤ አንዱ ሞተረኛ ይዞት ከወጣው ጋር አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከእነዚህ አሥራ አንዱ የፋኢዛ ናቸው። ፋኢዛ ባምቢስ ካለው ሱቋ የልጆች ልብስ በፌስቡክና በቴሌግራም የምትሸጥ፣ የቢሮው ዋና ደንበኛ ናት፤ እሷ ከሄደች ቢሮው ሄደ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት በአካል መጥታ ከመስታወቱ ፊት ቆማለች። ረጋ ባለ ድምፅ፣ ዕቃዎቿ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከደረሱ ደረሱ፣ ካልደረሱ ግን ከነገ ጀምሮ መኪና ላለው ሌላ ድርጅት እንደምትሰጥ ተናገረች። ኢብሳ እሺ አለ። ፋኢዛ ወጥታ ከሄደች በኋላም ለመስታወቱ እሺ ሲል ቆየ። ላዳ ኮንትራት ልያዝ ቢል፣ ላዳው ለአንድ መንገድ መቶ ሃምሳ ብር ይጠይቃል፤ እሱ ዕቃ የሚያደርሰው በሰማንያ ነው።

በዚህ መሀል ጅብሪል ገባ። ጅብሪል ከሞተረኞቹ ሁሉ ጎበዙ ነው፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ ጠዋት ሞተሮቹ ሲታሰሩ አይተው ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄደዋል፣ እሱ ግን ቀርቷል። ጠዋት አንድ ዕቃ ይዞ በእግሩ ወጥቶ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ያንኑ ዕቃ ታቅፎ መመለሱ ነው። «ብሮ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሎኬሽን የለ፣ ምን የለ። በቃ ሰፈሩን አምስት ጊዜ ዞርኩት» አለና ወንበር ላይ ተዘረጋ። ሀዊ ከዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ካዛንቺስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ወይዘሮ መብርሂት።» ጅብሪል ወፍጮ ቤት የሚባል ነገር እንደሌለ ማለ። ሰማያዊ በር ካየም የቆርቆሮ አጥር እንጂ በር አይደለም።

«የመቶ አለቃ ዘርአይ ባለቤት መብርሂት?» አሉ አቶ ወልደአረጋይ ከበሩ ሥር። «ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ አራት ዓመቱ ነው። በራቸውንም ለልጃቸው ሠርግ አረንጓዴ ቀብተውታል።»

ሁሉም ዞሩ። ኢብሳ አማቱን አሁን ገና አያቸው፤ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ ተወው። አቶ ወልደአረጋይ ካዛንቺስ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ጡሩምባቸውን እየነፉ፣ እገሌ አርፏልና ቀብሩ በዚህ ሰዓት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው እያሉ በየበሩ ይዞሩ ነበር። የትኛው ግቢ በስንት በር እንደሚገባ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ መበለት ጆሮዋ ስለማይሰማ በር ገፍተው ገብተው ሊነግሯት እንደሚገባ ያውቃሉ። የሰፈሩ ግማሽ ለልማት ሲነሳና ብዙዎቹ የእድሩ አባላት ጎተራም ጀሞም ሲበተኑ፣ ማን የት ብሎክ እንደገባ በእግራቸው ዞረው ያጣሩት እሳቸው ናቸው። ኋላ ግን የእድሩ ዳኛ የስልክ መልእክት መላክ ሲለምድ ጡሩምባው ተሰቀለ፤ እሳቸውም መስኮት ላይ መቆም ጀመሩ።

ዕቃውን ከጅብሪል ጭን ላይ አነሱት። ደብረ ብርሃን የሚለው ቃል አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አሥራ ስምንት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ስለራስ ማውራት ነውር መስሎ ታያቸው። «ይህችን አድርሼ ልምጣ» ብለው ወጡ።

ወይዘሮ መብርሂት ደጃቸው ላይ ቆመው የዝናቡን ውኃ በመጥረጊያ ወደ ቱቦው እየገፉ ነበር። አቶ ወልደአረጋይ በመታጠፊያው ብቅ ሲሉ ባዩ ጊዜ መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ፤ «ማን ነው? ጋሽ ወልዴ፣ አይደብቁኝ፣ ማን ነው?» አሉና ዕንባቸው ቀደመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው በዚያ መታጠፊያ ብቅ ብለው ደግ ነገር ይዘው መጥተው አያውቁም። አቶ ወልደአረጋይ ሰው እንዳልሞተ፣ ዕቃ ይዘው እንደመጡ፣ ዕቃውም ከላዩ እንደተጻፈው ልጃቸው የላከላቸው የደም ስኳር መለኪያ እንደሆነ እየደጋገሙ ቢያስረዱም ሴትዮዋ ቶሎ አላመኗቸውም። ፓኬቱን ቀደው መሣሪያዋን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ሳቅ የጀመሩት፤ ሳቁም እንደ ለቅሶው አልቆም አለ። ጎረቤቶች ድምፅ ሰምተው ወጡ፤ አስቀድመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሱ የወጡም ነበሩ። ነገሩ ሲነገራቸው ያ ጭቃማ መተላለፊያ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ መብርሂት አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጎተራ የገባችው የድሮ ጎረቤታቸው ሸዋአየሁ እግሯን ታማ ከቤት እንደማትወጣ ሰምተዋል፤ በርበሬ አስፈጭተውላት ወር ሙሉ የሚያደርስላቸው ሰው አጥተዋል፤ ብሎኳንም አያውቁት። አቶ ወልደአረጋይ ግን ያውቁታል፤ ከዳቦ ቤቱ ወዲያ ሁለተኛው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። በርበሬው በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦ መጣ። ዋጋው ሰማንያ ብር እንደሆነ ሲነግሯቸው ሴትዮዋ ሳይከራከሩ ሰጧቸው፤ አንዷ ጎረቤት ደግሞ፣ ይህ ነገር ለሰው ሁሉ ነው ወይስ ለመብርሂት ብቻ ብላ ጠየቀች።

ወደ ቢሮው ሲመለሱ አንድ ዕቃ አድርሰው ሦስት ዕቃ ይዘው ነበር። ሀዊ ከወንበሯ ተነሳች። ኢብሳ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ዕቃዎች ማን ቀድሞ እንደደወለ እያየ በተራ ሲያሰልፋቸው አገኙት። ጥቂት ካዩት በኋላ፣ ሞተር ለሚነዳ ይህ መልካም እንደሆነ፣ በእግር ለሚሄድ ግን በደወለ ተራ ሳይሆን በሰፈር ተራ መሆን እንዳለበት ነገሩት። እሳቸው ጡሩምባ ሲነፉ ከኡራኤል ጀምረው እየወረዱ ቶታል ጋ ይጨርሱ ነበር እንጂ የረገጡትን መንገድ ሁለተኛ አይረግጡም። ክምሩን በእጃቸው ከፋፈሉት። የካዛንቺስና የኡራኤሉን ለራሳቸው አደረጉ፤ ከስታዲየም እስከ ሰንጋ ተራ ያለውን ለጅብሪል ሰጡት። የመስቀል ፍላወርና የሪቼው ቀረ። ኢብሳ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሌላ ሰው የለም። ከአራት ዓመት ወዲህ በእጁ ዕቃ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። ክራቫቱን ፈታና መስታወቱ ላይ ሰቅሎት ዕቃዎቹን አቀፈ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ አልተቻለም። አቶ ወልደአረጋይ ጃንጥላቸውን ለዕቃዎቹ ሰጥተው እሳቸው ኮታቸውን አናታቸው ላይ ደረቡ። ሦስተኛው ቤት ላይ ዘዴ አገኙ፤ ገና ከሩቅ ሲታዩ ፓኬቱን ወደ ላይ ከፍ ያደርጉና «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው፣ የሕፃን ልብስ ነው» ይላሉ፤ ሰውም ደረቱን ከመድቃት ይተርፋል። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ግን ፓኬቱን ከተቀበሉ በኋላም በነካ እጃቸው ለመሆኑ እውነት ማን ሞተ ብለው ጠየቋቸው። ጉልበታቸው አመማቸው። የአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አረፉ፤ ስልሳ ስምንት ዓመት ሃምሳ እንዳልሆነ እዚያ ተሰማቸው። ከዚያ ወርደው ሲሄዱ በሰማያዊ ቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ባዶ ቦታ ጥግ አለፉ። የራሳቸው ቤት የነበረው እዚያ ውስጥ ነው፤ ባለቤታቸው ነፍሷ የወጣችውም፣ አምሳለ የተወለደችውም እዚያ ነው። ከፈረሰ ጀምሮ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳያዩ ቀርተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን በብብታቸው የያዙት ዕቃ ወረቀቱ እየራሰ ስለነበር ሳይቆሙ አለፉ፤ አለመቆማቸውንም ያስተዋሉት ቶታል ከደረሱ በኋላ ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ሲገቡ ጅብሪል ቀድሟቸው ደርሶ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፏል። ስድስቱንም አድርሷል። ተረከዙ ቢላጥም ፊቱ በርቷል፤ አራት ዓመት በሞተር ሲከንፍ ያላያቸውን መተላለፊያዎች፣ ደረጃዎችና ቆንጆዎች ለሀዊ ይተርካል። «ፋዘር፣ እርስዎ እኮ ማፕ ነዎት። ማለቴ፣ በቃ፣ ነገም አብረን ነን አይደል?» አላቸው። መልስ ሳይሰጡ ስልክ ጮኸ፤ ፋኢዛ ነበረች። ሀዊ ሁሉም ይስማ ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ፋኢዛ፣ አሥራ አንዱም ደንበኞቿ ዕቃቸው እንደደረሳቸው እንደጻፉላት፣ አንዷ ደግሞ የልጄን ፒጃማ የእድር ጡሩምባ ነፊ አመጣልኝ ብላ ስትስቅ ድምፅ እንደላከችላት ተናገረች። ለነገ አሥራ አራት ዕቃ አለኝ አለች። ስለ ሌላው ድርጅት አላነሳችም።

ስልኩ ከመዘጋቱ እንደገና ጮኸ። አምሳለ ናት። ለምሳ ቤት ገብታ የአባቷን ክፍል ባዶ፣ ሻንጣውን አልጋ ላይ ተዘጋጅቶ አግኝታ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስታፈላልግ ውላለች፤ እሳቸው ስልክ አይዙም፣ የኢብሳም ስልክ በዝናቡ ረጥቦ ተዘግቷል፤ የቢሮው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተይዟል። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዳ የደብረ ብርሃን መኪና ውስጥ አንገቷን አስገብታ ፈልጋቸዋለች። ሀዊ ስልኩን ለአቶ ወልደአረጋይ ሰጠቻቸው። አምሳለ ለጥቂት ጊዜ አልቅሳ ስትጨርስ፣ «አባዬ፣ ጠዋት ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። አፌን ብከፍት ትዳሬን የማፈርስ መሰለኝ» አለቻቸው።

አቶ ወልደአረጋይ ፊታቸውን ከመስታወቱ መልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ የትም እንዳልሄዱ፣ ነገም ጎተራ የሚያደርሱት በርበሬ እንዳለ ነገሯት። ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር እንድትመልሰውም አዘዟት።

ኢብሳ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጫማው ውኃ ይተፋል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፤ በብብቱም አንድ ዕቃ ቀርቶታል። ከአሥራ ዘጠኙ ሳትደርስ የቀረችው የቢሮው ባለቤት ራሱ የያዛት ብቻ ነበረች። ጅብሪል ሳቁን በፎጣ አፈነ። ወረቀቱ «ሪቼ፣ ከውኃ ቧንቧው ጎን፣ አቶ ረጋሳ» ይላል። ኢብሳ አራት ጊዜ ዞሯል፤ በር አንኳኩቷል፤ የሚከፍት የለም። አቶ ወልደአረጋይ ጃንጥላቸውን አነሱና፣ ገና አልመሸም፣ ና እንሂድ አሉት።

ታክሲው ውስጥ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኢብሳ ለሁለቱም ከፈለ። መስቀል ፍላወር እስኪደርሱ ሁለቱም መስኮቱን አዩ።

«ጠዋት ሰምተውኛል» አለ ኢብሳ በመጨረሻ።

«ግድግዳው ቀጭን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ያልኩት ልክ አልነበረም።»

«መስኮት ላይ መዋሌን ያልከውስ ልክ ነው» አሉ አቶ ወልደአረጋይ። «እኔም ቢሮህ የመጣሁት እሄዳለሁ ልልህ ነበር። ሥራ በዛና ሳልነግርህ ዋልኩ።» ኢብሳ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ተቋርጦ ፊቱን በእርጥብ እጁ ጠራረገ። ነገ ዕቃዎቹን በሰፈር እንዲከፋፍሉለት፣ ሌሎቹ ሞተረኞች ከተመለሱም መንገድ እንዲያሳዩአቸው፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ እንደሚቆርጥላቸው ነገራቸው። እሳቸውም ፎቅ የሚወጣ ዕቃ ለጅብሪል እንዲሆን ብቻ ጠየቁ።

ሪቼ ሲወርዱ ዝናቡ አባርቷል። ኢብሳ አማቱ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይወስዱኛል ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ሪቼን እምብዛም አያውቁትም። ጥግ ላይ በቆሎ ወደምትጠብስ ሴት ሄደው፣ እንዴት አመሸሽ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞሻል፣ ገበያው እንዴት ነው ብለው ጠየቋት፤ ሁለት በቆሎ ገዙ፤ ከዚያ በኋላ ነው አቶ ረጋሳን ያነሱት። ሴትየዋ በቆሎውን እያገላበጠች፣ ቧንቧው ከዚያ ከተነቀለ ዓመት እንዳለፈው፣ አቶ ረጋሳ ከጓሮ ስለሚኖሩ የፊት በር ቢንኳኳ እንደማይሰሙ፣ በጎን ባለችው ጠባብ መግቢያ መዝለቅ እንደሚሻል ነገረቻቸው። ኢብሳ በቆሎውን እየጋጠ ሰማ። እሱ ከዚህች ሴት ፊት አራት ጊዜ አልፏል።

በጠባቧ መግቢያ ዘልቀው ከአንዲት የእንጨት በር ፊት ቆሙ። ኢብሳ በጣቱ አንጓ ሊያንኳኳ ሲል አቶ ወልደአረጋይ ክንዱን ያዙት።

«በር አይንኳኳም። ጥራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ቤቶች በል።»

ኢብሳ ወዲህና ወዲያ አየ። «ቤቶች» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

«ከሆድህ አውጣው እንጂ። ምሥራች ነው የያዝከው።»

ኢብሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ትንፋሹን ሳበ። «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ ድምፁ ከጓሮው ቆርቆሮ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ፤ አንድ ውሻ ጮኸ፣ መብራት በራ፣ ነጠላ ጫማ ሲሚንቶ ላይ እየተጎተተ ተሰማ።

«አቤት!» አለ አንድ ሰው ከውስጥ። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ግቡ።»